የሰገን አንድ ዙር

«ዛፎቹን አጥፋቸው» ትለዋለች ሰገን።

ወንዴ ማውሱን እንደያዘ ያመነታል። ወረታ ገበያው ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለው፤ ጌሙን በፍላሽ ይዞልን የመጣው ሱቁን ዘግቶ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይ መኪና ቆማለች። ሰገን የኪቦርዱን የቀስት ቁልፍ ስትጫን መኪናዋ ትንሽ ትዘልና ትቆማለች፤ እንደገና ትዘልና ትቆማለች። የፎቶ አልበም እንደሚገልጥ ሰው ነው የምናየው።

እህቴ በትራስ ተደግፋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ኪቦርዱ ጭኗ ላይ ነው። ኩላሊቷን ታማ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን አቋርጣ ከመጣች ወዲህ እግሯም ፊቷም አብጧል፤ አሁን ጣቶቿም ጀምረዋል። ውሃ እንደልቧ እንድትጠጣ አልተፈቀደላትም። ማሳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበት ሩዝ በሚበቅልበት በፎገራ ሜዳ፣ እኔ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ እነካላታለሁ።

ዶርም ውስጥ በዚህ የመኪና ውድድር የሚያሸንፋት አልነበረም አሉ። ዛሬ የቢሻው ሚኒባስ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሊወስደን ይመጣል። ከዚያ በፊት አንድ ዙር መጨረስ ትፈልጋለች። ሌላ የጠየቀችን ነገር የለም።

«ምን ነካው ይሄ ኮምፒውተር?» ይላሉ አባባ።

«ምንም አልነካው አያ ማረው። አቅሙ ነው» ይላቸዋል ወንዴ።

«ምን አቅም ጠፋው! እኔው ራሴ አንስቼ አይቸዋለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሩን ሲገዙ ባሕር ዳር አብሬያቸው ነበርኩ። ሻጩ ከርካሾቹ መሃል ሁለት ሲፒዩ አቀረበልን፤ አንዱ አነስ ያለ፣ ሌላው ግዙፍ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲመርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ይፋግ ገበያ በሬ ሲገዙ ወገቡን በመዳፋቸው ይጫኑታል፤ እጥፍ ካላለ ይወስዱታል። ሁለቱንም ሲፒዩ ተራ በተራ አቅፈው አነሱ፣ ከላይ በመዳፋቸው ተጫኗቸው፣ ከባዱን መረጡ። «ይሄ ደንዳና ነው» አሉ። እኔም የማውቀው ነገር ስለሌለ ተሸክሜው ወጣሁ።

ዛሬ ወንዴ ሽፋኑን ሲፈታው ክብደቱ የአሮጌ ብረት ክብደት ሆኖ ተገኘ። ለጽሕፈት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ጌም የሚያጫውት የግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። ይህን በጆሮዬ ነገረኝ። ለአባባ የሚነግራቸው አልተገኘም።

«ወንዴ! ዛፎቹን አልኩህ እኮ። ፎቶ ኮፒ እያነሳህ ነው እንዴ?»

ወንዴ ሴቲንጉን ይከፍትና፣ ለኮምፒውተሩ ሸክሙ እንዲቀልለት፣ ያጠፋቸዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበረው ዛፍ ሁሉ ድርግም ይላል።

«ዛፍ የሌለበት መንገድ ደግሞ የት አገር ነው?» ይላሉ አባባ።

«ፎገራ ነዋ!» ትላለች።

ሁላችንም እንስቃለን። እሷም ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አሁን ሳስባት ከፊቷ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ሣቋ ነው።

መኪናዋ ግን አሁንም ትጎተታለች። ወንዴ ጥላውን ያጠፋል፤ መኪናዋ መሬት የማትነካ ትመስላለች። ደመናውን ያጠፋል። ከዳር ቆመው የሚያጨበጭቡትን ሰዎች ያጠፋል። የምንችለው ማጥፋት ብቻ ነው። በመጨረሻ ተወዳዳሪ መኪኖቹ ይቀራሉ።

«እነዚህንም?» ይላታል።

«እነሱንም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልትሽቀዳደሚ ነው?» እላታለሁ።

«ከቢሻው ሚኒባስ ጋር። እሱንማ አህያም ይቀድመዋል፣ አንተ አንለይ።»

ወንዴ ያጠፋቸዋል። ቀስቱን ትጫናለች።

መኪናዋ ትነሳለች። ትቆራረጣለች፣ ግን ትሄዳለች። ግራጫ መንገድ፣ ግራጫ ሰማይ፣ አንዲት ቀይ መኪና። ሰገን መታጠፊያው ሲመጣ ከትራሱ ተላቃ ከነትከሻዋ ታዘነብላለች፤ እንዳትወድቅ ክንዷን እይዛለሁ። «ልቀቀኝ፣ እየነዳሁ ነው» ትለኛለች።

ሲፒዩው ማጓራት ይጀምራል። ወንዴ በእጁ ይነካውና ቶሎ ይመልሳል። «ጋለ» ይላል። «ሊጠፋ ነው።»

አባባ ሌላ አይጠይቁም። ሲፒዩው ከጠረጴዛው ኋላ ወለሉ ላይ ነው፤ እዚያው ይንበረከኩና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በጫፉ ያራግቡለታል። ከጥጃ ላይ ዝንብ እንደሚከላከሉ ነው። ካሉበት ስክሪኑ አይታያቸውም።

ውጭ የሚኒባስ ጥሩንባ ይጮሃል።

«ይጠብቅ!» ትላለች ሰገን። «መጨረሻው ታየኝ። ያው፣ ነጩ መስመር።»

እኔም አየሁት። ከመታጠፊያው ወዲያ ነጭ መስመር መንገዱን አቋርጧል። መኪናዋ ወደ እሱ ትዞራለች፣ ከዚያ ባለችበት ትቀራለች። የመኪናዋ ሞተር ድምፅ ግን አልቆመም፤ በአንድ ዜማ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ወንዴ ማውሱን ያንቀሳቅሳል፤ ምንም የለም። አንዱን ቁልፍ ይጫናል፣ ሌላውን ይጫናል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሃንግ አድርጓል» ይለኛል፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ።

ጥሩንባው እንደገና ይጮሃል።

«እንዴት ነው? ይሮጣል?» ይላሉ አባባ ከታች፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ሰገን የቆመውን ሥዕል ታያለች። ያበጠ ጣቷን ከቀስቱ ላይ አላነሳችም።

«ይሮጣል፣ አባባ።»

«እሰይ! በርቺ!» ይላሉ፤ ጋቢያቸውን አጥፈው በሁለት እጃቸው ይይዙና ከበፊቱ አፍጥነው ያራግባሉ።