ሜዳውን ያደረቁት ሰውዬ

"ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ማን አሳደደዎት?"

አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸው ጓደኛዬ ሩክማል ነው።

ዝናቡ ቆሟል... እኛ ግን እንዲቆም አልፈለግንም!

ጋሌ ስታዲየም ነን። ብሔራዊ ቡድናችን በገዛ አገራችን ከባንግላዴሽ ጋር የሚያደርገው የክሪኬት ጨዋታ አምስተኛውና የመጨረሻው ቀን።

ከነሱ ጋር ያለንን ነገር ታውቃላችሁ... በሰላም ተለያይተን አናውቅም።

ከአሥራ አንዱ መቺዎቻችን ዘጠኙ ወጥተዋል። መቺዎች የሚጫወቱት በጥንድ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻ ከወጣብን ተሸነፍን።

ጨዋታው ካልቀጠለ ግን አቻ ነው... አቻ ከሆነ ደግሞ ያለፈውን ጨዋታ ስላሸነፍን ዋንጫው የኛ!

ዳኞቹ ሜዳውን ሊያዩ የሚመጡት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ መሬቱ እርጥብ ከሆነ አለቀ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ።

እና አሁን ሁሉም ነገር ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው...

በጋሼ ጉናፓላ።

የሜዳው ሠራተኞች አለቃ ናቸው። ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው።

ሠራተኞቻቸውን ይዘው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ሜዳው ላይ የተዘረጋውን ትልቅ የፕላስቲክ ሸራ እየጎተቱ ነው። ሸራው ላይ ውሃ ተኝቷል... ብዙ ውሃ።

ሩክማል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ... የሸራዋን ጥግ ይልቀቋት። አመለጠችኝ ይበሉ። ማን ያያል?"

እውነቱን ነው። ጥጉ ቢለቀቅ ውሃው በሙሉ ኳሱ የሚነጥርበት መሬት ላይ ይፈሳል። በቃ፣ ጨዋታ የለም።

ጋሼ ጉናፓላ ዞር ብለው አዩን።

ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩና...

"ቀና አድርጋችሁ ያዙት! አንድ ጠብታ እንዳይወርድ!"

ሰዉ አበደ።

"ከሃዲ!"

"አንተ ሽማግሌ፣ ባንግላዴሽ ነው እንዴ የተወለድከው?"

ሽምብራ የምትሸጠዋ ሴትዮ ሳትቀር ሳህኗን አስቀምጣ "አንተ ሰውዬ፣ አገር የለህም?" አለቻቸው።

እኔም... ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ... በእጄ የያዝኩትን የውሃ ጠርሙስ ወረወርኩ።

ፊታቸውን መታቸው።

ቅንድባቸው ደማ። ጎንበስ ብለው ጠርሙሱን አነሱና ተጫዋቾቹ እንዳይረግጡት ከመስመሩ ውጭ አስቀመጡት። ከዚያ ስፖንጃቸውን ይዘው ተንበረከኩና ውሃውን መምጠጥ ቀጠሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ዳኞቹ መጡ። መሬቱን በእጃቸው ነኩ... በጫማቸው ጫን ጫን አደረጉ...

"ይቀጥላል!"

የቀረው ሠላሳ ኳስ ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃን የለም፤ እስከዚያ ማንም ካልወጣብን አቻ ነው።

የመጨረሻው መቺያችን ኢሱሩ ይባላል። ለብሔራዊ ቡድኑ ሲሰለፍ የመጀመሪያው ነው። ሙያው መወርወር እንጂ መምታት አይደለም። እሱና ባልደረባው እየተፈራረቁ ከኋላቸው ያሉትን እንጨቶች ከኳሱ መመከት ጀመሩ...

አሥር ኳስ አለፈ።

ሃያ አለፈ። ሩክማል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "አንተ ንገረኝ፣ እኔ አላይም!"

ሃያ ሰባት...

ሃያ ስምንት...

ሁለት ኳስ ብቻ!

ሃያ ዘጠነኛው መሬት ነክቶ ታጠፈ። ኢሱሩ ሊያግደው እግሩን ዘረጋ... ዘገየ።

ኳሱ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች በታተናቸው... ወጣ።

ተሸነፍን።

ባንግላዴሾቹ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ የኛ ሰው በሙሉ ወደ ጋሼ ጉናፓላ ዞረ። የተሰደቡትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ኢሱሩ ወደ መልበሻ ክፍል አልሄደም። መምቻውን እንደጨበጠ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው መጣ።

"ሊያቀምሰው ነው!" አለ ሩክማል። "በለው ኢሱሩ! በለው!"

ሽማግሌው ንቅንቅ አላሉም።

ኢሱሩ አጠገባቸው ሲደርስ መምቻውን ጣለ። ሄልሜቱን አወለቀ። ጭቃው ላይ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከና ግንባሩን እግራቸው ላይ አሳረፈ።

"አባዬ... ሁለት ኳስ ብቻ ነበር የቀረኝ..."

"አይቻለሁ" አሉት ራሱን እየዳበሱ። "እግርህ ዘገየ የኔ ልጅ። በል ተነስ... ልብስህን ጭቃ አደረግከው።"

ሩክማል አጥሩን ለቆ ቁጭ አለ።

ልጁ ያደገው ሩቅ፣ እናቱ ዘንድ ነው። እኛ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ሽማግሌውን "ጋሼ ጉናፓላ" እያልን ስንጠራቸው፣ ልጅ አለዎት ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ሰው ሲበተን ፈራ ተባ እያልኩ ሄድኩ።

"ጋሼ... ጠርሙሱን የወረወርኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አውቃለሁ፣ አይቼሃለሁ" አሉኝ። ፈገግ አሉ። "ክንድህ ደህና ነው። አሠልጣኙ አላየህም እንጂ።"

መሳቅ አቃተኝ።

"ግን ለምን ጋሼ? የገዛ ልጅዎ እኮ ነው..."

ስፖንጃቸውን ጨመቁ።

"ዝናቡ ሲጀምር ከሁላችሁም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። ዛሬ ከወጣ ዳግም እንደማይጠሩት ገብቶኛል። ያቺን ሸራ ስይዝ ጥጓን ልልቀቃት ወይ ብዬ አስቤ ነበር..."

የባንግላዴሽ ልጆች ወደሚጨፍሩበት አዩ።

"እነዚያም አባት አላቸው። አምስት ቀን ሙሉ በዚህ ሙቀት ሲለፉ አይቻለሁ። የነሱን ልፋት ሰርቄ ለልጄ ብሰጠው... በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

ኢሱሩ በሚቀጥለው ጨዋታ አልተጠራም።

ጋሼ ጉናፓላ ግን በማግስቱ ጠዋት፣ ቅንድባቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው፣ ሜዳቸውን እየጠረጉ ነበር።

ወዳጆቼ... ሐቀኝነት የሚከብደው ዋጋውን የምንወደው ሰው ሲከፍለው ነው። ሥራውን በትክክል የሚሠራ ሰው ስናይ ደግሞ ለመሳደብ አንቸኩል... ምን እያጣ እንደሚሠራው አናውቅም።

እስቲ እናንተ... በጋሼ ጉናፓላ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ለሰው እንዲያምር ሳይሆን የልባችሁን... ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ 👇