የቆዳው ሄልሜት

ብፅዓት አርችዌይ በሚባል የውጭ አገር ሰፈር፣ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ የምትንከባከባቸውን አሜሪካዊ ሽማግሌ አሮጌ የቆዳ ሄልሜት ከአገጫቸው ስር እየፈታች ነበር። በወጣትነታቸው፣ በአሜሪካን ፉትቦል የዋንጫ ጨዋታ፣ ይህንኑ ሄልሜት አድርገው በጭንቅላታቸው የገጩት ተጫዋች በማግስቱ ሞቷል። ሞቱን ዘንግተውታል፤ መውደቁን ግን አልረሱም።

«ተነሳ?» አሉ እንደ ወትሮው።

«ተነስቷል አባባ፣ ደህና ነው።» ዘመድ አጠገቡ ለሌለው ሰው መርዶ አይነገርም፤ እሷ የምታውቀው ይህን ነው።

«እስቲ ጥሪልኝ።»

«አሁን ተኝቷል። ሲነቃ እነግረዋለሁ።»

ማሰሪያውን ለቀቀችው። ከአፏ የወጣው የእህቷ ድምፅ ነበር፤ ስድስት እሁድ ሙሉ አዲስ አበባ በስልክ ካርድ ስትደውል፣ «እማዬ ተኝታለች፣ ስትነቃ እነግራታለሁ» ያላት ያው የተረጋጋ ድምፅ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ደረቷን መታች።

«ምነው ልጄ?» አሉ ሽማግሌው። «ተነስቷል አልሽኝ እኮ!»