የአለቃ ጉልበት

«ጥፍሩን ስሙ!» እያልኩ ወደ ላይም ወደ ታችም እጮሃለሁ። ውሻዬ አለቃ የፊት እግሩን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያሳርፋል። ቀጭ። ሁለተኛው ላይ። ቀጭ። ይህ ሕንፃ ሲመረቅ እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ አልተሰማበትም።

«ገና ሁለት ነው እኮ!» ይላሉ ጋሼ ከታች። «ሃምሳ ሁለት ይቀረዋል።»

«ጠቅላላው መቶ ሃያ ነው ጋሼ!»

«ሃምሳ አራት» ትላለች ሚስቴ ከላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ በራችን ላይ ቆማ። እሷ የምትቆጥረው የሚረገጠውን ብቻ ነው።

ጋሼ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የጣውላ መጋዘን አላቸው። ፒክአፓቸውን ደጅ አቁመው፣ ገመድ ይዘው ውጤቱን ይጠብቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የኖረው ውሻዬ መሀል ላይ ቁጭ አለና አልነሳም አለ። ተሸከምኩት። በአንድ እጄ፣ እያፏጨሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አልጋ ላይ የዋልኩት መጽሐፍ ላነብ ብዬ ነው። ሚስቴ ግን ፈረደች፦ ከእንግዲህ ሸክም የለም። ስምንት ሳምንት ይሞከር፤ አለቃ ከታች እስከ በራችን ሳይቆም ከወጣ እዚሁ ይቀራል፣ ከቆመ ደረጃ ወደሌለበት ወደ ጋሼ መጋዘን ይሄዳል። ፍርዱ ክፋት የለውም። ግን ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ አፍንጫውን እግሬ ላይ ለጥፎ የሚቀሰቅሰኝ ማን ሊሆን ነው?

የእንስሳት ሐኪሟ ምግቡን እንድንቀይር መከረችኝ፤ ለመገጣጠሚያ የሚረዳ ነገር ያለበት፣ ከረጢቱ ላይ ግሉኮሳሚን የሚል የተጻፈበት። ከሸርጣን ቅርፊት ነው የሚወጣው አለችኝ። «ተአምር አይጠብቁ» ብላለች። «አንዱን ይረዳል፣ አንዱን አይረዳም። ከገበታ የሚወረወርለትን ካስቀሩ ግን ግማሹን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።»

እኔ ለሰፈሩ ያወራሁት በመጠኑ ይለያል። አለቃ በቀን አንድ ባሕር ሸርጣን ይጨርሳል ብያለሁ። በስድስተኛው ሳምንት የቆመ መኪና ዘለለ ብያለሁ። ባለሱቁ ለእናቱ ጉልበት ይሆን እንደሆነ ጠይቆኛል፤ ልንገረው አልንገረው እያልኩ አንድ ሳምንት አስለምኜዋለሁ።

አንደኛ ፎቅን አለፍን። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አለቃ ጅራቱን እንደ ባንዲራ ሰቅሎ ከፊቴ ይወጣል። ሃያ አምስት። ሠላሳ። ድል በእጄ ገብታለች፣ ለሰፈሩ የማወራውን ማሰማመር ጀምሬያለሁ።

ሠላሳ ሦስተኛው ደረጃ ላይ አንድ ነገር ቀጭ ይላል። ጥፍር አይደለም። የግራ ጉልበቴ ነው።

የደረጃውን ብረት አንቄ እቆማለሁ። አለቃ አምስት ደረጃ ቀድሞኛል። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይዞራል፣ ያየኛል፣ አምስቱንም ደረጃ ተመልሶ ይወርድና እግሬ ሥር ቁጭ ይላል።

የጥፍሩ ድምፅ ይቆማል።

«ቆመ!» ይላሉ ጋሼ። «ቆመ አይደል? እንግዲህ ቃል ቃል ነው!» ጫማቸው ደረጃውን ሲጀምር እሰማለሁ።

«አለቃ፣ ውጣ» እለዋለሁ በሹክሹክታ። «ሂድ እባክህ። እኔን ተወኝ።»

አለቃ ያዛጋል።

እዚሁ ቦታ፣ እዚሁ ብረት ሥር፣ እነዚህን ሳምንታት በየቀኑ እናርፍ ነበር። ጎረቤት ሲያልፍ «ምን ላድርግ፣ እሱ ይረፍ ብዬ ነው» እላለሁ። መጀመሪያ የሚቀመጠው ማን ነበር? ባለፈው ሳምንት? ከዚያስ በፊት? አለቃን አየዋለሁ፤ አያለከልክም። ጅራቱ ቀስ እያለ ሲሚንቶውን ይጠርጋል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ የተጣበቀበት እኔ ነኝ።

የጋሼ ጫማ አንደኛ ፎቅ ደርሷል።

በዕድሜዬ ብዙ አውርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን ከአፌ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ውሻው አይደለም!» እላለሁ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የቆምኩት! ጉልበቴን አሞኝ ነው!»



«ምን አልክ?» ትላለች ሚስቴ። ሰምታለች። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀችውን ነገር ሁለቴ ልትሰማው ፈልጋ ነው።

«ጉልበቴን! ሕመም ከተባለም የኔ ነው! እንዲህ ያለ ጉልበት የትም ሐኪም አይቶ አያውቅም!»

መጀመሪያ የሚስቁት ጋሼ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ይስቃሉ። «እህቴ!» ይላሉ ወደ ላይ። «ታዲያ የምወስደው የትኛውን ነው?»

ሚስቴ ጥቂት ደረጃ ወርዳ በብረቱ ላይ ብቅ ትላለች። ሁለታችንን በየተራ ታየናለች፤ እኔን ትንሽ አስረዝማ።

«ተዋቸው ጋሼ» ትላለች። «ሁለቱም ይቀራሉ። ከገበታ የሚወረወረው ግን ለሁለቱም ቀርቷል።»

ጋሼ ወደ ደጅ ወርደው ገመዱን ፒክአፑ ላይ ሲወረውሩት ይሰማኛል።

አለቃ ይነሳል። አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ዞሮ ይጠብቀኛል። ብረቱን ይዤ እከተለዋለሁ።

«ሃያ ይቀራል» ትላለች ሚስቴ።

አላርማትም።