ትንሽ ብረት ይጨምሩበት

ባትላሜራው ወገቡን ይዞ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። የድሮዋን የእሽቅድምድም መኪና ሻንሲ ሲበይድ ሰንብቶ ዓይኑ በርበሬ መስሏል፤ ጉልበቱም አልታዘዝ ብሎታል። ያመጧት ሴትዮ ግን ዛሬም በጥቁር ልብሳቸው መጥተው ደጁ ላይ ቆመዋል።

«በሮቹ ላይ ትንሽ ብረት ይጨምሩበት፣ ጋሼ።»

«እትዬ፣ አሁንስ ይብቃዎት! ሻንሲው ላይ ደረብኩ፣ ወለሉ ላይ ደረብኩ፣ ጣሪያውንም በቱቦ ደገፍኩት። ገደል ብትገባ እንኳ አትጨማደድም።»

«ግድ የለም፣ ይጨምሩበት።»

ድካሙ ትዕግሥቱን ጨረሰው። የያዘውን ጨርቅ ወረወረ።

«እውነቱን ልንገርዎት? ከዚህ በላይ ከጫንኩባት ሞተሩ አይችላትም። የአህያ ጋሪ ይቀድማታል!»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«እውነትዎን ነው?»

«እናቴ ትሙት!»

ሴትዮዋ በረጅሙ ተንፍሰው ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ አባቱ በሞተባት መኪና ካልተወዳደርኩ ብሎ መቀመጫ አሳጥቶኛል። እንግዲያው በሮቹን ይጨርሱልኝና ቁልፉን ልስጠው።»

ባትላሜራው የብየዳ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ፤ ከላሜራዎቹም ወፍራሙን መረጠ።