የጎደለችው አምስት ማርክ

መምህር አስቻለው የድረ ገጽ ዲዛይን ሲያስተምሩ ቀልድ አያውቁም። «ከኢንተርኔት የተለቀመ ፎቶ ካየሁ ዜሮ ነው! ሳየው እውነት የሚመስለኝን ሥሩ» አሉ።

ከተማሪዎቻቸው አንዷና የፕሮጀክት ጓደኛዋ ምንተስኖት የሠርግ መጥሪያ ድረ ገጽ ሊሠሩ ተስማሙ። ፎቶ መልቀም ስለተከለከለ ሙሽራውም ሙሽሪትም ራሳቸው ሆኑ። እሷ የአክስቷን ልጅ ቬሎ ተዋሰች፤ እሱ የወንድሙን ሱፍ ቢለብስ እጅጌው መዳፉን ዋጠው። ካሜራ ፊት ሲቆሙ ሳቅ አፈናት። ቀኑን ጥር ላይ ቆረጡ፤ ስማቸውንም ጎን ለጎን በወርቃማ ፊደል ጻፉ። ሥራው ካለቀም በኋላ ገጹን በሰበብ አስባቡ ትከፍተው ጀመር።

ውጤት ተለጠፈ። ዘጠና አምስት፣ ከክፍሉ አንደኛ! አምስቷ ግን ከነከነቻትና ቢሮ ድረስ ሄደች።

«መምህር፣ ምን ጎደለው?»

«ዲዛይኑ እንከን የለውም። ግን አንድ ነገር ዘላችኋል» አሉ ኮስተር ብለው። «ለምንተስኖት ነግሬዋለሁ፤ እሱ ያስተካክለው።»

ምንተስኖት ግን ስትጠይቀው «እሑድ ታዪዋለሽ» ብሏት በሩጫ አመለጠ።

እሑድ ጠዋት የቤታቸው በር ተንኳኳ። ጋቢ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡና፣ አባቷ ተቀመጡ ቢሏቸው «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። መሀል ላይ የቆሙት መምህር አስቻለው ናቸው።

«ልጅዎን ለልጃችን ለምንተስኖት እንዲሰጡን ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ልጆቹ ቀን ሲቆርጡ ሽማግሌ መላኩን ዘለውት ነበር» አሉ፣ አሁንም ሳይስቁ።

አባቷ ግራ ገብቷቸው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዓይኗን ከመምህሩ ላይ ሳትነቅል «አሁን መቶ ሞላልን?» አለች።