አረንጓዴው በበረዶ

ባላችሁን ለወሰደ ሰው ቀዝቃዛ መጠጥ ብትሠሩ፣ ስኳሩን ስንት ማንኪያ ታደርጉበት ነበር?

ቱሪያ ሳምንቱን ሙሉ አስባበታለች። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነበር፤ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ድሬዳዋ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል።

መጠጡ የባሏ የበሺር ነው። በሺር ለገሃር አጠገብ ቡና ቤት ነበረው። የባቡር ሠራተኞች ከጅቡቲ የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት በቆርቆሮ ያመጡለታል፤ ከጃፓን መርከበኞች የተገዛ ነው ይባላል። ዱቄቱን በሻሽ ይነፋል። ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ ያደርግበትና ከዘንባባ ባሰረው መምቻ አረፋ እስኪያወጣ ይመታዋል። ብርጭቆው ውስጥ መጀመሪያ በረዶ፣ ቀጥሎ ወተት፣ አረንጓዴውን በመጨረሻ ከላይ ያንቆረቁራል። ሁለቱ ቀለም ሳይደባለቅ ይቀርባል። ሰዉ «አረንጓዴው» ይለው ነበር፤ ሌላ ስም አላስፈለገውም።

የቀበሌው ሊቀመንበር አለምብርሃን ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። በሺር ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ እየሳቀ፣ «ለዚያ ሰውዬ ሁልጊዜ የጎረቤቱ ነው የሚጣፍጠው» ይላት ነበር። ቱሪያ ነገሩን ለሴት ወስዳው አፍራለች። ስለ ብርጭቆ መሆኑ ኋላ ነው የገባት።

ጥር 1970 ላይ ያው ሊቀመንበር በእኩለ ቀን ከታጣቂዎቹ ጋር መጣ። መደርደሪያው ላይ ሦስት የሻይ ቆርቆሮ ነበር። ሁለቱን አልነኩም። ከሦስተኛው ሥር የተከለከለ ወረቀት አወጡ፤ በሺርን ይዘውት ሄዱ። እሱም አልተመለሰ፣ ሬሳውም አልመጣ።

ማን ጠቁሞ አስበላው? ቱሪያ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። ሰፈሩ ሊቀመንበሩን ይረግማል። እሷ ግን አብራ አትረግምም።

ከአጠገቧ ያልጠፋችው ጎረቤቷ ፋዱማ ናት። ቡና ቤቱን ከብርጭቆ እስከ ቆርቆሮ ስትወለውል የኖረች። ቡና ቤቱ በታሸገ በወሩ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ሆነች፤ ስኳር በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ለቱሪያ ከጓዳ እያወጣች ታመጣላታለች።

ረመዳን ሲቃረብ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል። በድዬ እንደሆን ይቅር በሉኝ ነው። «አውፍ ብያለሁ» ይባላል፣ ያበቃል። ፋዱማ ሰኞ መጥታ ይህንኑ አለች። ረቡዕ ደግሞ መጣች።

«ቱሪዬ፣ አውፍ በይኝ።»

«ሰኞ ብለሽኛል እኮ፣ አቦ!»

«እንዳይረሳ ብዬ ነዋ።»

«አትስጊ፤ እኔ አልረሳም» አለችና ሻይ ቀዳችላት። ፋዱማ እንደ ልማዷ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረችበት።

«ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አስቆመኝ» አለች ቱሪያ። «አረንጓዴው ናፍቆታል። ቡና ቤቱ ይከፈትልኝ ብዬ ስላስገባሁት ማመልከቻ እሁድ እቤቴ መጥቶ ሊያነጋግረኝ ነው። ብቻዬን ከወንድ ጋር መቀመጥ ነውር ነው። ነይልኝ።»

«እሱን ልታጠጪው?» ፋዱማ ዓይኗን አሻሸች። «አንቺስ ልብሽ ድንጋይ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ወተት ሻጭዋ ኩልሚዬ ከገጠር ከቢዮ አዋሌ መጣች። ከወተቱ ጋር ትንሽ ቋጠሮ ሰጠቻት።

«ለጅብ ነው ያልሽኝ፣ አባዮ?» አለቻት፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው።

«ለጅብ ነው።»

«ምነው፣ ሰፈራችሁ ገባ እንዴ? ወንዱ ነው ሴቷ?»

«የጅብ ወንድና ሴት በምን ይለያል?»

ኩልሚዬ ከት ብላ ሳቀች። «ወላሂ እውነትሽን ነው! ብቻ መራራ ነው፤ እንዳይተፋብሽ።»

«አጣፍጠዋለሁ» አለች ቱሪያ።

እሁድ ረፋድ ላይ በረዶው በሰጋቱራ ተሸፍኖ በጆንያ መጣ። ቱሪያ የቀራትን ዱቄት በሻሽ ነፋች፤ በበሺር መምቻ መታች። ከቡና ቤቱ የተረፉት ብርጭቆዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር ከተተች፤ ቋጠሮውንም ፈታች። ሁለተኛው ውስጥ አንድም አልጨመረች።

ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ተቀመጠ። ፋዱማ ከጎኑ ተቀመጠች። ቱሪያ ባለ ስኳሩን ለእሱ፣ ሌላውን ለፋዱማ አቀረበች።

«አንቺስ?» አላት።

«በረዶ ጥርሴን ይነዝረኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«መድኃኒት አላደረግሽበትም አይደል?»

«እኔ ያለኝ የጅብ መድኃኒት ብቻ ነው።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፋዱማም ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ብርጭቆውን ወደ ፋዱማ ገፋ፤ የእሷን አነሣ።

«ሴት ትቅደም» አለ።

ትሪው ከቱሪያ እጅ ላይ አልተነቃነቀም። መናገር የምትችልበት ጊዜ ነበር። ፋዱማ ብርጭቆውን እስክታነሣ፣ አንድ ጊዜ እስክትጎነጭ፣ ሁለተኛ እስክትጎነጭ። አልተናገረችም።

ሊቀመንበሩ ይህን አይቶ ጠጣ።

«ያለ ስኳር!» አለ። «ልክ እንደምወደው። ይህን ሁሉ ጊዜ አልረሳሽም ማለት ነው።»

«የእኔማ ማር ነው» አለች ፋዱማ፤ አንጠፍጥፋ ጠጣችው። ከንፈሯ ላይ የቀረውን አረንጓዴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ የሊቀመንበሩን ብርጭቆ አየች፣ የራሷን አየች፣ ቱሪያን አየች። ግንባሯን ላብ አጠመቀው።

«ቱሪዬ» አለች። «አውፍ በይኝ።»

«ቆርቆሮዎቹን የምትወለውዪው አንቺ ነበርሽ» አለች ቱሪያ። «አውፍ አልልም፤ አንቺንም፣ ማንንም።»