የስለት ጥላ

ማራኪ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። እናቷ ለማርያም የተሳለችውን ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ጭኗ ላይ አጋድማ ይዛለች። ማራኪ በጋውን ሙሉ ለዶክትሬት ስትዘጋጅበት የከረመችው የቶፖሎጂ የሒሳብ መጽሐፍ የኋላ ወንበር ላይ ተጥሏል። ቦስተን ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አልመጣም ብላ ጻፈችላቸው። እናቷ ደረቴን ይወጋኛል ማለት ከጀመረች ሰንብታለች፤ ሐኪሞቹም ምክንያቱን አላገኙትም። እዚህ አትላንታ ብቻዋን ትታት ለመሄድ አልቻለችም። ኢሜሉን ከላከች በኋላ እንባዬ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ምንም አልመጣም። መሪውን የያዘው እጇ እንኳ የሌላ ሰው እጅ ይመስላት ነበር።

«ማሚ፣ ጥላውን ቤት እንመልሰው» አለች። «ካንስል አድርጌዋለሁ አልኩሽ እኮ። ስለትሽ አልደረሰም።»

እናቷ ዘርፉን በጣቶቿ አበጠረች። ከዚያ የመኪናውን በር ከፈተች።

«እንድትሄጂ ነው የተሳልኩት ያለሽ ማነው?»

ወርዳ፣ እጥፋቱ እንዲፍታታ ጥላውን ፀሐዩ ላይ ዘረጋችው። ማራኪ በመስኮቱ አየችው። በቶፖሎጂ፣ የታጠፈ ነገር ቢዘረጋም፣ እስካልተቀደደ ድረስ ያው የነበረው ነው። እናቷ ከባዱን ጥላ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፤ እንደ ሰሞኑ ደረቷን አልያዘችም። ማራኪ ወረደችና ዘርፉ አስፋልቱን እንዳይነካ በወዲያኛው በኩል ያዘችላት።